አባቴ ድምፄን የጠበቀበት ፊልም

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ የጎጆ ከተማ መንገድ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ፊልሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፊልሙማ ጥሩ ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ ወዶታል። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «ሲስተር፣ ያ ድምፅሽ እንዴት አንጀት ይበላል» ይሉኛል። እኔም ፈገግ ብዬ አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ይውላል።

ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አምቦ ነው፤ የምሠራው ግን ጎጆ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ቤታችን የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛውን ከሰፈር ልጆች፣ ከትምህርት ቤትና ከአባቴ ነው የተማርኩት። አባቴ ኦቦ ዲንቃ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። አምቦ ውስጥ ዛሬም ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሳይቀር «ባርሲሳ» እያለ ነው የሚጠራው፤ መምህር ማለት ነው።

ግላኮማ ቀስ በቀስ ዓይኑን ወሰደበት። የኔን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ኮሌጅ ስማር ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ በድምፄ ነው። ከጎጆ ወርጄ በር ላይ «አባዬ» ስለው፣ ሥራ በዝቶብኝ እንደሆነ ወይም ሰው አስቀይሞኝ እንደሆነ ከዚያች አንዲት ቃል ይለየዋል። ውሎው ከሬዲዮ ጋር ነው። የሬዲዮ ድራማ ሲጀምር ቤት ውስጥ ማንም አያወራም። ተዋናዮቹን በስም አያውቃቸውም፤ በድምፅ ግን እንደ ዘመድ ይለያቸዋል።

ያሬድ የሚባለው ዳይሬክተር ጤና ጣቢያችን የመጣው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለውን ካሜራማን ይዞ ነበር። የቀረፃ ቦታ ፍለጋ ሲዞሩ ነው ልጁ የወደቀው። እኔ በዚያ ሰዓት ልጁን ሳያስከትብ የቀረ አንድ አባት ላይ እየተቆጣሁ ነበር። አፋን ኦሮሞውን ከአማርኛ እየቀላቀልኩ ብዙ ነገር ተናገርኩት። ዞር ስል ያሬድ ቆሞ ያዳምጠኛል። ካሜራማኑን ጭራሽ ረስቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ተዋናዮች ሞክሮ ሁሉም የሚያነቡ እንጂ የሚናገሩ እንደማይመስሉ ነገረኝና፣ «እኔ የምፈልገው ይህንን ድምፅ ነው። የፊልሜ ሴትዮ የዚህ አገር ሰው ናት» አለኝ።

መጀመሪያ ስቄ ተውኩት። እሱ ግን እየተመላለሰ አስቸገረኝና ጽሑፉን ሰጠኝ። ሳነበው ታሪኩ ያዘኝ። ድንች የምትሸጥ የጎጆ ሴትና መንገድ ሊሠራ የመጣ ቀያሽ ይዋደዳሉ። መንገዱ ሲያልቅ የእሱም ሥራ ያልቃል፣ መሄድ አለበት። እሷ ደግሞ የታመመች እናቷን ጥላ መሄድ አትችልም። በቃ ይኸው ነው። ጩኸት የለበትም፣ ጥፊ የለበትም፣ በመጨረሻ ከውጭ የሚመጣ ሀብታም አጎት የለበትም።

አባቴን ማማከር ነበረብኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ልጁ የፍቅር ፊልም ላይ ታየች ሲባል ምን እንደሚወራ ያውቃል። የሚያሳፍር ነገር አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እጅ ከመያያዝ ያለፈ ነገር እንደሌለው ነገርኩት። ጥቂት አሰበና ፈቀደልኝ። ጽሑፉን ላንብብልህ ስለው ግን እምቢ አለ። ታሪኩን ቀድሞ ማወቅ አልፈለገም፤ ሲያልቅ ተቀምጦ ሊሰማኝ ነው የፈለገው።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቀረፃው ውስጥ ገባሁ። ያሬድ ስፖንሰር አልነበረውም። አንድ ካሜራ፣ አንድ ድምፅ መቅጃና አንድ ቤት ተከራይተው አብረው የሚያድሩ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ቀያሹን ሆኖ የሚጫወተው ናትናኤል ከአዲስ አበባ የመጣ የመድረክ ተዋናይ ነው። ኩራት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ካሜራውን ትቼ የእሱን ዓይን እንዳይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ብርዱ ከንፈሬን ሰነጣጠቀው፤ ጭቃው ጫማችንን እየነቀለ ያስቀር ነበር። ግን ሥራውን ወደድኩት። ጠዋት ጠዋት ለመሄድ እቸኩል ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረን የመለያያው ትዕይንት ነበር። እሱ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል እሷ «አልጠብቅህም። ይህን የምነግርህ ግን ስለምጠብቅህ ነው» ትለዋለች። ደጋግመን ሠራነው። እኔ ፊልም ላይ እንዳየሁት ለማልቀስ ስሞክር ያሬድ አልወደደውም። በመጨረሻ ደከመኝና፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለቤተሰብ መጥፎ ወሬ በምንነግርበት ድምፅ ዝቅ አድርጌ ተናገርኩት። ናትናኤል የራሱን ንግግር ረሳና ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር። ያሬድ እዚያው ላይ ቀረፃውን አቆመ። ከዚያ የተሻለ እንደማናገኝ ነገረን። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በኋላ ስለ ድምፅ ያነሳልኝ ሰው የለም።

ፊልሙ አምቦ ላይ የተመረቀው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ ከረቫቱን እህቴ አሰረችለት። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎችም ነበሩ። «ልጄን ልሰማ ነውና ኑ» ብሎ የጠራቸው ራሱ ነው። ያን ማድረግ ለእሱ ቀላል አልነበረም። ፊት ለፊት፣ ድምፅ ማጉያው ባለበት በኩል አስቀመጥኩት።

መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ ናትናኤል መጣ፣ ከመኪና ወርዶ መንገድ ሲጠይቅ። አባዬ በድምፁ ረካ፤ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ እኔ ድንቼ ፊት ተቀምጬ ታየሁ። አፌ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም።

መጀመሪያ የሆነ ብልሽት መሰለኝ። አሁን ያስተካክሉታል ብዬ ጠበቅኩ። አላስተካከሉትም። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ሴት በለሰለሰ የአዲስ አበባ አማርኛ ትናገራለች። ያሬድን ለማየት ወደ ኋላ ዞርኩ፤ በጨለማው ውስጥ ላገኘው አልቻልኩም።

አባዬ ግን ደስ ብሎታል። ጠጋ ብሎ፣ «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፤ የሬዲዮዋ ልጅ ናት። ከእሷ ጋር ነው እንዴ የሠራሽው?» አለኝ።

ምን ልበለው? አዳራሹ ጸጥ ብሏል። «ቆይ አባዬ» አልኩት።

ቆየ። አዲስ የሴት ድምፅ በመጣ ቁጥር ቀና ይላል። የታመመችዋ እናት ስትናገር ቀና አለ። ጎረቤቷ ስትናገር ቀና አለ። መንገድ ላይ ሰላምታ ሰጥታ የምታልፍ አንዲት ሴት አለች፤ ለእሷም ቀና ብሎ ነበር። እኔ አለመሆኔን ሲያውቅ መልሶ አንገቱን ይደፋል። አንድ ጊዜ «ያንቺ ገና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እጁን ያዝኩት።

መለያያው ላይ ሰው አለቀሰ። ከኋላችን ሴቶች አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ይሰማኛል። ሸራው ላይ የተሰነጣጠቀ ከንፈሬን እያየሁ የሌላ ሰው ድምፅ እሰማለሁ። ያቺ ሴት ደግሞ በደንብ ነው የተናገረችው። መጥፎ ብትሆን ኖሮ እፎይ እል ነበር።

ሲያልቅ መድረክ ላይ ጠሩኝ። ናትናኤልና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ተጨበጨበልን። ናትናኤል ዓይኔን ሸሸ። ስወርድ ሰዎች አባቴን ከበው «ባርሲሳ፣ ልጅዎ ጉድ አሰኘች እኮ» ይሉታል። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ፊቱ ላይ ግን ግራ መጋባት አለ።

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ነው የጠየቀኝ። «ኢንተላ ኮ» አለ፤ ልጄ ሲለኝ እንዲያ ነው። «ቆርጠው አወጡሽ?»

አለመቆረጤን ነገርኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነበረችዋ ሴት እኔ እንደነበርኩ፣ ድምፄን አውጥተው የሌላ ሰው እንዳስገቡበት፣ እኔም እንደ እሱ ዛሬ ገና እንደሰማሁ አስረዳሁት። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል፣ «ያ ሁሉ ሰው ታዲያ ያጨበጨበው ለማን ነው?» አለኝ።

«ለሁለታችንም መሰለኝ።»

«እኔ ያጨበጨብኩት ለእሷ ነው» አለ።

ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን እቤት ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር አልጋ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ያሬድ ስልክ አላነሳ አለኝ። በኋላ ናትናኤል መሀል ገብቶ አንድ ጁስ ቤት አገናኘን። ያሬድ መጀመሪያ በነፋስ አመካኘ። የጎጆ ነፋስ የቀረፃውን ድምፅ እንዳበላሸው ነገረኝ። ናትናኤልም እዚያው ነፋስ ውስጥ ነበረ፣ የእሱ እንዴት ተረፈ ብዬ ጠየቅኩት። እሱማ ስቱዲዮ ገብቶ በራሱ ድምፅ ደገመው አለኝ። እኔን ለምን አልጠራችሁኝም ስለው ሥራ ላይ ስለሆንሽ ነው አለ። ደውለው ጠይቀውኝ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ወደ ነፋሱ ወሬ ተመለሰ።

ስጫነው እውነቱ ወጣ። ፊልሙን የሚያከፋፍለው ሰውዬ አይቶት ፊቴን በጣም ወዶታል። አማርኛዬ ግን አዲስ አበባ ላለ ተመልካች አይሆንም ብሏል።

«ሴትዮዋ የጎጆ ሴት አይደለችም እንዴ?» አልኩት። «ይህንን ድምፅ ነው የምፈልገው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው። ግን ሌንስዬ፣ ፊልሙ ሳይታይ ይቅር?» አለኝ ስሜን አቆላምጦ።

በጣም የሚያበሽቀው ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልቼው እገላገል ነበር። ራሱም የከፋው ይመስላል። ስለዚህ ሌላው ቢቀር የመጀመሪያውን ድምፅ ስጠኝ አልኩት፤ ነፋስም ይኑርበት፣ በግም ይጩህበት፣ አባቴ ይስማው። ለሌላ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ አስፈልጓቸው እንዳጠፉት ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። የተናገረችው ልጅስ ስሟ ለምን መጨረሻው ላይ አልተጻፈም ብዬ ጠየቅኩት። ስሟ ከተጻፈ ድምፁ የኔ አለመሆኑ ይታወቃል አለኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ። ማህሌት ትባላለች፤ ቁጥሬን የሰጣት ናትናኤል ነው። ገና «ሄሎ» ስትል አወቅኳት። የራሴን ፊት የማናግር መሰለኝ። ለእሷ የተነገራት እኔ ለድምፅ ቀረፃ አልመጣም እንዳልኩ ነው። ውሸት መሆኑን ስነግራት ተበሳጨች። እሷም ከሰው የምትሰማው አለ፤ ዘመዶቿ ፊልሙን አይተው ያቺ ጎበዝ ልጅ ማናት ብለው ጠይቀዋታል። እኔ ነኝ ብትል ማን ያምናታል? ስትቀዳ ከንፈሬን እያየች እኔ በተነፈስኩበት ቦታ ትተነፍስ እንደነበር ነገረችኝ። ልጣላት ነበር ስልኩን ያነሳሁት። አልቻልኩም።

አባዬን ሰላም ማለት ፈለገች። ስልኩን ሰጠሁት። በደንብ እንደተናገረች ነገራትና፣ «ግን የጎጆ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ እንደዚያ ረጋ ብሎ አይናገርም» አላት። ስቃ ስህተቷን ተቀበለች።

ፊልሙ ከተማ ለከተማ መዞር ጀመረ። ጊንጪ ሊታይ ነው ሲባል አባዬ ውሰጂኝ አለ። እኔ ያንን ፊልም ዳግም ላለማየት ወስኜ ነበር። ምን ልትሰማ ነው ብዬ ተቆጣሁት። እሱም ተቆጣ።

«አጠገቤ ተቀመጪና የተናገርሽውን በጆሮዬ ንገሪኝ» አለ። «እሷን አልሰማትም፤ አንቺን ነው የምሰማው።»

እንደ ሞኝነት ቆጠርኩት። ግን እምቢ ብለው መተኛት የማልችል መሰለኝ። በሚኒባስ ጊንጪ ሄድን። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቶቹ በጨርቅ የተሸፈኑ። ማንም እንዳያየኝ ሻርፔን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ መጨረሻው ወንበር አካባቢ ተቀመጥን።

ሸራው ላይ ድንቼ ፊት ተቀምጬ ስታይ መናገር ጀመርኩ። አባዬ አንዱን ጆሮውን በእጁ ደፈነ፤ በሌላው ላይ እኔ አንሾካሾክኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ማህሌት ቀድማኝ ትጨርሳለች ወይም እኔ እቀድማታለሁ። እየቆየ ግን ቦታው ላይ ገባሁ። ንግግሩ ሁሉ አልጠፋኝም። ለናትናኤል እንደምመልስ ሆኜ ለአባቴ እመልስለታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሳቀ፤ አምቦ ላይ ያላሳቀው ቦታ ነው።

መለያያው መጣ። እኔ እንደገና እዚያ ብርድ ላይ ቆሜአለሁ፤ ድምፄ ከፍ እያለ መሄዱን አላወቅኩም። «አልጠብቅህም» ስል፣ ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ዞረ። ፊቴን በደንብ አላየውም። በትሕትና ነው የተናገረው።

«እህቴ፣ እባክሽ፤ ልጅቷን እንስማት።»

ዝም አልኩ። ፊቴ ሸራውን ሞልቶ ከሰውየው ራስ በላይ ይታያል። እሱ ወደዚያ ተመልሶ፣ ማህሌት ቀሪውን ስትናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ ነበር። ብጮህስ? ለዚያ ሰው ያቺ እኔ አይደለሁም፤ ያቺማ እንደ እኔ አትናገርም።

አባዬ ክንዴን ጨበጠኝ። «ኢቲ ፉፊ» አለኝ፤ ቀጥዪ ማለቱ ነው።

ሸራው ላይ መኪናው ሄዷል፤ ንግግሩ አልፏል። አፌን ጆሮው ላይ ለጥፌ፣ ማንም እንዳይሰማን አድርጌ፣ ዘግይቼ ጨረስኩለት። ክንዴን አለቀቀም።

በሚኒባስ ስንመለስ፣ አምቦ ልንገባ ስንል፣ መጨረሻው ላይ እንደቸኮልኩ ነገረኝ። ሰውየው አስደንግጦኝ ነው አልኩት። አልተቀበለኝም። በቀረፃው ጊዜ አልቸኮልኩም ነበር፤ ግን በምን አሳየዋለሁ?

ፊልሙ አሁን ኢንተርኔት ላይ ተለቋል። ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት አንዳንዴ አነባለሁ። የሁለቱ መሪ ተዋናዮች ብቃት ይደነቃል፤ ስለኔም ጥሩ ጥሩ ነገር ተጽፏል። በደስታ ማንበብ ይገባኝ ነበር። አልቻልኩም። ብስጭቱ እንደ መጀመሪያው አያቃጥለኝም፤ ግን አልለቀቀኝም። ከማህሌት ጋር እንደዋወላለን። ስለ ፊልሙ ሁለታችንም አናነሳም።

በቅርቡ ያሬድ ደውሎ ነበር። አዲስ ፊልም ሊሠራ ነው፤ እንደገና መሪዋን ሴት እንድጫወትለት ይፈልጋል። ታሪኩ ጥሩ ነው። መሥራት እንደምፈልግ አልደበቅኩትም። በራሴ ድምፅ ከሆነ ዛሬውኑ እሺ፣ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት።

«እስቲ ላስብበት» አለኝ።

ምኑ እንደሚታሰብበት እስካሁን አልገባኝም።